ሳላስተምራቸው የፈረምኩላቸው

ሞጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ ከፋለ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ። እኔም ባለቤቴ ጥሩአየሁም ደህና ነን፤ ከጉልበቴ በቀር የማማርረው ነገር የለኝም።

ድንገት ደብዳቤ ሲደርስሽ ማን ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ይታያል ነኝ፤ ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሆቴል ባለቤት። እናትሽ ሀብትነሽና እኔ የወንድማማች የልጅ ልጆች ነን። አንቺን ያየሁሽ አንዴ ብቻ፣ በአያትሽ ተዝካር ላይ ነው፤ ያኔ ጥርስሽ አልበቀለም ነበር። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ በሚኒባስ ሹፌሩ በደምለው እጅ ልኬዋለሁ። በየሳምንቱ በእናንተ በኩል ያልፋል፤ መልሱንም ለእሱ ስጪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህም እናንተም ጋ አዲስ ደንብ ወጥቷል። ከጥር ጀምሮ መጠጥ የሚቀዳ ሰው ሁሉ፣ የሆቴል አስተናጋጅም ይሁን ግሮሰሪ ውስጥ ቢራ የሚከፍት፣ ስለ መጠጥ አቀራረብ ኃላፊነት የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ፎቶ ያለበት ካርድ መያዝ ግዴታው ነው። ለሰከረ አለመቅዳት፣ ለልጅ አለመሸጥ፣ የጠጣን ሹፌር ቁልፉን መለመን፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ካርድ የሌለው አስተናጋጅ የተገኘበት ቤት ይታሸጋል። ሥልጠናውን የሚሰጠው ፈቃድ ያለው የግል ማዕከል ሲሆን፣ ማዕከሉ በሙያው ዲግሪ ያለው አሠልጣኝ ሊኖረው ይገባል።

አዳራሽ አለኝ፤ ወንበር አለኝ፤ የሌለኝ ዲግሪ ነው። አንቺ ደግሞ በሆቴል ማኔጅመንት ተመርቀሽ ቤት ተቀምጠሻል አሉኝ። ሥጋ ዘመዴ እያለችልኝ ባዳ ፍለጋ ባሕር ዳር ልሂድ? አሠልጣኟ አንቺ ነሽ። የዲግሪሽን ኦሪጅናልና አራት ጉርድ ፎቶ ላኪልኝ። ኮፒ አይቀበሉም።

ያሰብሽውን ይሙላልሽ።
አጎትሽ ይታያል


ቢቸና፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፤

ለጉልበትዎ ምሕረትን፣ ለቤትዎ ሰላምን እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከደህናም በላይ ነን። መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ። ከዚያ ለእማዬ ጮክ ብዬ። እማዬ «አያ ይታያል! የኔ ወንድም!» ብላ እልል ስትል ጎረቤት ሽማግሌ የተላከብኝ መስሎት ግር ብሎ መጣ።

ከተመረቅሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውን ከለጣፊው ቀድሜ የማውቅ ሰው ሆኛለሁ። ሁሉም «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» ይላል። ልምድ እንዳላገኝ ልምድ የሚጠይቁኝ ምን አድርጌያቸው እንደሆነ እንጃ! ዲግሪዬንና ፎቶዬን ይኸው ልኬያለሁ። ደምለው ዲግሪዬን በካኪ ፖስታ አድርጎ ከመሪው ፊት ሲያስቀምጠው «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። «ለሰው ያልተባልኩትን ለወረቀት?» ብሎ ስቆብኛል።

ዝግጅቱን ጀምሬያለሁ። ትናንት ጠላ ቤት ሄጄ ነበር፤ አይቆጡ! ጠላ የሚሸጡትን እትዬ ውበቴን ልጠይቅ ብዬ ነው።

«እትዬ ውበቴ፣ ሰው መስከሩን በምን ያውቃሉ?»

«ሰላም ብሎኝ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እንደ ገና ተነሥቶ ሰላም ሲለኝ ነዋ።»

«ከዚያ ሰክረሃል ይሉታል?»

«እኔን ሞኝ አደረግሽኝ? ሰክረሃል ያልሽው ሰው አለመስከሩን ሊያሳይሽ ሦስት ጣሳ ይጨምራል። ጠላው አተላ ሆነ እለዋለሁ። አተላ የከብት ነው፤ ከከብት ጋር አይሻማ።»

ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘው ነበር? እኛ በክፍል ውስጥ የተማርነው በወይን ብርጭቆ መቁጠር ነው። እኔ በመለኪያ፣ በጣሳና በብርሌ የሚቆጥር መመሪያ ልጽፍ ነው። በእኛ አገር «በሞቴ» እያለ የሚጋብዝ ሰው መሐል ቆሞ «አልቀዳም» ማለት ከባድ ነው፤ ሥልጠናው ይህን ካላስተማረ ምን ያስተምራል? ሲያልቅ በደምለው እልካለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሲቆረጥ አስቀድመው ይንገሩኝ። ጥቁር ሰሌዳ ከሌለ ግድግዳም ይበቃኛል።

በአክብሮት እጅ የምነሣዎ
ልጅዎ ጸደንያ


ሞጣ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የዘገየሁት በመንገዱ መዘጋት ነው፤ ደምለው ራሱ አሥራ ሁለት ቀን መኪናውን አቁሞ ተቀምጦ ነበር።

ደስ ይበልሽ፣ ፈቃዱ ወጥቷል። ፎቶሽ በመስታወት ተደርጎ አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል። ጥሩአየሁ «ይህች ልጅ የእኛ ወገን መሆኗ ከግንባሯ ያስታውቃል» እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። የላክሽውን አርባ ገጽ ጥራዝም አይቼዋለሁ፤ ቅኔ ቤት ሳለሁ እንኳ እንደዚህ የተዋበ ነገር አላነበብኩም። የእትዬ ውበቴን አተላ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰማንያ ካርድ ልኬልሻለሁ። ማኅተሜ አርፎባቸዋል፤ የሠልጣኙ ስምና ፎቶ ቦታ ባዶ ነው። ሁሉም ላይ «አሠልጣኝ» ከሚለው በታች ፈርመሽ መልሺልኝ። መንገዱን እያየሽው ነው፤ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። ሥልጠናው አልቆ አንቺ ቢቸና ሳለሽ መንገድ ቢዘጋ፣ የጨረሱት ሰዎች በፊርማ እጦት ሥራ ፈት ይሆናሉ። ስሙን አንቺ መጥተሽ ካስተማርሽ በኋላ እንሞላዋለን።

ለእኅቴ ለሀብትነሽ ሰላምታዬ ይድረስ።
አጎትሽ ይታያል


ቢቸና፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፤

ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ካርዶቹ መድረሳቸውን አስታውቃለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ሁለት ቀን አስቀምጫቸው ነበር። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ደስ አላለኝም። እማዬ ካርዶቹ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ ስታይ ተቆጣችኝ። «ደም ዘመድሽን ልትጠረጥሪ ነው? ሰው ዘር የሚቆጥረው ለዚህ ቀን አይደለም ወይ?» አለችኝ። እኔም አፈርኩ። ፎቶዬን በር ላይ የሰቀለ ሰው እንዴት ይጠረጠራል?

ሰማንያውንም ፈርሜያለሁ። ወደ መጨረሻው ገደማ እጄ ስለደከመ ፊርማዬ ትንሽ ተንጋዷል፤ ይቅርታ። አደራዬ ግን ይኸው ነው፦ አምስቱን ቀን ፊቴ ተቀምጦ ላልተማረ ሰው አንድም ካርድ እንዳይሰጥ።

ልብሴን አጥቤ አዘጋጅቻለሁ። ቀኑን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ጸደንያ


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፤

እንደምን ሰነበቱ? ደምለውን ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ምንም አልሰጡኝም» ይለኛል፤ አሁንማ ገና ሳልጠይቀው ነው ራሱን የሚነቀንቀው። ታመው ይሆን? ሥልጠናው ከጥር በፊት ካልተጀመረ አስተናጋጆቹ በምን ይሠራሉ? አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

አክባሪዎ ጸደንያ


ሞጣ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸደንያ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። የሰርግ ወር ነውና አዳራሹ ለሙሽሮች ተይዟል። ሥልጠናው ከጥምቀት በኋላ ይሁን ብለናል። ለእናትሽ ነጠላ ልኬያለሁ፤ ለበዓሉ ትልበሰው።

ይታያል


ቢቸና፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፤

ነጠላው ደርሷል፤ እማዬ መርቃዎታለች። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ትናንት ለእንግዳ ለስላሳ ልገዛ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ግሮሰሪ ገባሁ። የምትሸጠው አስቻለች ትባላለች፤ በመልክ እንተዋወቃለን እንጂ ስሜን አታውቅም። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ካርድ ተለጥፏል፤ የእርስዎ ማኅተም ያለበት።

«ምንድን ናት?» አልኳት።

«የመጠጥ ሥልጠና ናት። ያለ እሷ ያሽጉብናል።»

«ሠለጠንሽ?»

«ቢራ መክፈት ምን ሥልጠና ይፈልጋል? ከሞጣ ገዛናት። ስምና ፎቶ ላክን፣ በሳምንቱ መጣች።»

«አሠልጣኟ ማን ናት?»

ዞር ብላ አነበበች። «ጸደንያ ከፋለ። በጣም ጎበዝ ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጎበዝ ባትሆን ሳታየኝ ታሠለጥነኝ ነበር?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ለምን እንደ ሳቅሁ አላውቅም። ለስላሳውን ትቼው ወጣሁ። ፊርማው የኔ ነው። ከተንጋደዱት አንዱ ነው።

ጋሼ፣ ምናልባት ከእርስዎ ተሰውሮ አንድ ሠራተኛ ሰርቆ ሸጦት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝ፤ አምናለሁ። የቀሩትን ሰባ ዘጠኙንም ይላኩልኝ።

ጸደንያ


ሞጣ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለጸደንያ፤

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ እናትሽንም ያኑርልሽ። አንቺን የመሰለ ዘመድ የሰጠኝ ጌታ ይመስገን። ጥሩአየሁ ጧት ማታ ስምሽን ታነሣለች።

ልጄ፣ ትንሽ ነገር ገጥማኛለች። ባለፈው ሳምንት በአዳራሼ የመልስ ድግስ ነበር። ምንይሉ የሚባል ባጃጅ ነጂ ከሙሽራው ሚዜዎች ጋር ጠጥቶ ወጣና ባጃጁ ተገለበጠ። ሰው ሆኖ የማይሰናከል የለም። ነገር ግን የደንቡ ተቆጣጣሪዎች የቀዳለትን ስጦታው የሚባል አስተናጋጅ ይዘው «ካርድህን ያወጣኸው ሠልጥነህ ነው?» እያሉ ያስጨንቁታል።

አንዲት ገጽ ብቻ ጻፊልኝ። «ከታኅሣሥ 7 እስከ 11 ቀን በአቶ ይታያል አዳራሽ ስጦታውን ጨምሮ ሰማንያ ሠልጣኞችን አሠልጥኛለሁ» ብለሽ ፈርሚ። ከዚህ በላይ አላስቸግርሽም። ከፋሲካ በኋላ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ትሆኛለሽ፤ ቢሮሽን ቀለም እያስቀባሁ ነው።

እንግዲህ ፊርማው ያንቺ ነው። እኔ ስጨነቅ አንቺም አብረሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

የሚወድሽ አጎትሽ ይታያል


ቢቸና፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ይታያል፤

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አስቻለች ካርድ ጠይቄዎት ነበር፤ በሁለቱም ንባብ መልሱን አጣሁት።

«ትንሽ ነገር» ያሉትን ደምለውን ጠየቅሁት። መጀመሪያ «እኔ አመላላሽ ነኝ፤ የፖስታው ሆድ አያገባኝም» አለኝ። ልሄድ ስል ግን ሞተሩን አጠፋና ጠራኝ። «ባጃጁ ውስጥ ሳባ የምትባል ሴት ነበረች» አለኝ። «ከባሕር ዳር አምጥቼ መናኸሪያ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን በእጄ ባጃጁ ላይ ጫንኩላት። ነጂው መስከሩን ልብ አላልኩም። እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆርጠውላታል።»

እርስዎ በጻፉልኝ ሁለት ገጽ ውስጥ ሳባ የለችም።

አላሠለጠንኩም፤ አሠልጥኛለሁ ብዬም አልጽፍም። በታኅሣሥ 7 እኔ የት ነበርኩ መሰልዎት? ደምለው ቀጠሮ ያመጣልኛል ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። አርባ ገጽ ጽፌ እኮ ነበር! ከአርባው አንዷን ገጽ ለስጦታው አንብበውለት ቢሆን ምናለበት? ዲግሪዬን ሰጠሁዎ፣ ፎቶዬን ሰጠሁዎ፣ እጄ እስኪደክም ፊርማዬን ሰጠሁዎ። አሁን ደግሞ ምላሴን ጠየቁኝ።

ዲግሪዬን ከነካርዶቹ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይመልሱ። ካልሆነ ራሴ እመጣለሁ።

ጸደንያ ከፋለ


ሞጣ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። በእርጅናዬ ዘመን ልጅሽ ያደረገችብኝን ለማን ልናገር ብዬ ላንቺ ጻፍኩ። ሥራ አጥታ ብትቀመጥ አዝኜ በር ከፈትኩላት። «ሰዎቹን ቢቸና ሰብስቤ አሠልጥኛለሁ» ብላ የተፈረመ ካርድ ላከችልኝ፤ እኔም የተማረች ናት ብዬ አመንኳት። ዛሬ ነገሩ ሲከብድ ካደችኝ። ለተቆጣጣሪዎቹም ይህንኑ እውነት ተናግሬያለሁ፤ ምን ላድርግ? እኔ የቤት ባለቤት ነኝ፤ የሥልጠናውን ጉዳይ የምታውቀው ባለዲግሪዋ ናት።

ምከሪያት። ጥፋቷን አምና አንድ ገጽ ብትጽፍ እኔ እሸፍናታለሁ።

ወንድምሽ ይታያል


ቢቸና፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ይታያል፤

እማዬ ፊደል እንደማትለይ ያውቃሉ። ደብዳቤዎን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስለ ራሴ የጻፉትን ውሸት በራሴ አፍ፣ ቃል ሳልዘል፣ ለእናቴ አነበብኩላት። ስጨርስ «ይህን አያ ይታያል ነው የጻፈው? ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ነጠላውን አጥፋ «ይህንን ለደምለው ስጪው፤ ይመልስለት» ብቻ አለች። በሚቀጥለው ቀን ግን ከቤት አልወጣችም፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀረች። በኔ ላይ ያደረጉትን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል።

ሞጣ መጥቼ ነበር። እርስዎ ሆቴል ብቅ አላልኩም፤ በአጥሩ በኩል ግን ስጦታውን አግኝቼዋለሁ። ከሥራ ካስወጡት በኋላ ሻንጣውን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ማን መሆኔን ስነግረው ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አንዴ ፊርማውን፣ አንዴ ፊቴን አየ።

«ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ። «ይሄ ሰውዬ ባጃጅ ይነዳል፣ ልተው ወይ ብያቸው ነበር። መልስ ላይ ብርጭቆ አይነጠቅም፣ ሰው ታዋርዳለህ፣ ቅዳ አሉኝ። ሥልጠና ብገባ ኖሮ ምን እል ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ አራት ገጽ ጽፌ ነበር።

ከዚያ የተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ገባሁ። የእርስዎን ቃል አስነበቡኝ። ደብዳቤዎችዎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ባዶ ካርድ ላይ ፈርሚ ያሉኝንም፣ ከታኅሣሥ 7 እስከ 11 ብለሽ ጻፊ ያሉኝንም። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ባዶ መሆናቸውን እያወቅሽ ነው የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«ሰማንያ።»

«የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?»

«ዘመዴ ናቸው ብዬ» አልኩ። ስናገረው ለራሴም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ። እሷም ዘመድ እንዳላት ታስታውቃለች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

የማዕከልዎ ፈቃድ መሰረዙን ሳይሰሙ አይቀሩም። የእኔም ስም ከአሠልጣኞች መዝገብ ለሁለት ዓመት ወጥቷል። ዲግሪዬን ቢሮው መለሰልኝ፤ ሁለት ዓመት ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ሰማንያውም ካርድ ከንቱ ሆኗል።

አሁን ይህን የምጽፈው ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ አይደለም። ያደረጉት ማንን እንደ ነካ እንዲያውቁ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ቢቸና ሳይደርሱ ለአስቻለች ራሴ ልንገራት ብዬ ትናንት ከሰዓት ሄድኩ። ስሜንም፣ እርስዎ በካርዶቹ ያደረጉትንም ነገርኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ካርዱን ከግድግዳው ነቀለችና ባንኮኒው ላይ ጣለችልኝ።

«አንቺም እንደሱ ነሽ» አለችኝ። «ሰውየውን አላውቀውም። ብሬን የሰጠሁት ካርዱ ላይ ዲግሪ ያላት ሴት ፈርማለች ብዬ ነው። ነገ ሲያሽጉብኝ ልጆቼን በማን ፊርማ ላብላቸው?»

እርስዎ ከዱኝ ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። እሷ ስትነግረኝ ግን የማለቅስበት ፊት አጣሁ። እውነቷን ነው። እርስዎ ለእኔ እንደሆኑት እኔ ለእሷ ሆኛለሁ።

«አስተምርሻለሁ» አልኳት። «ካርድ መስጠት አልችልም። የባሕር ዳሩ ማዕከል ሄደሽ ስትፈተኚ እንድታልፊ ግን አምስቱን ቀን እዚሁ መጥቼ አስተምርሻለሁ።»

«እሱንማ ዛሬ ጀምሪያ!» አለችኝ በቁጣ። በአገጯ ወደ ጥጉ ጠቆመችኝ። አንድ ሰውዬ ከገበያ ተመልሶ አረቄ ይጠጣል፤ ሞተር ሳይክሉ በሩ ላይ ቆሟል። መለኪያውን አንሥቶ «ድገሚኝ» አላት። አስቻለች ጠርሙሱን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። «እንግዲህ አሠልጣኟ፣ ምን ልበለው?»

ሰካራም ፊት ቆሜ አላውቅም። ወደ ሰውዬው ሄድኩና «አያ፣ ለዛሬ ይበቃዎታል፤ ሞተሩን እዚሁ እናሳድርልዎት» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺ ማን ነሽና ነው?»

አሠልጣኝ ነኝ እንዳልል ተሰርዣለሁ። ባለቤትም አይደለሁም፤ አስተናጋጅም አይደለሁም።

«ማንም አይደለሁም» አልኩት። «ግን አይቀዳልዎትም።»

ተነሥቶ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ቀና ስል አስቻለች የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ እየዘጋች ነበር።

ጸደንያ ከፋለ